ጥማድ በሬ ከመሸጡ በፊት፤ ልጅ በሐኪም ርዳታ ለማግኘት የሚያስቡ ባልና ሚስት አስቀድመው ሊመረመሩት ስለሚገባ ነገር

(በጤና ጣቢያ ግቢ ለተሰበሰቡ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ጊዜ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ መጠጥ ውሃ ተነጋግረን ስንበተን፤ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩና ቀስ ብለው ጠየቁን። «ልጆቼ፤ በከተማ በብልቃጥ ውስጥ ልጅ ያስጸንሳሉ ይባላል፤ እውነት ነው ወይ? አማቼ ጥማድ በሬውን ሽጦ ልጄን ሊወስዳት ነው» አሉን። «ከተጋቡ ስንት ጊዜ ሆናቸው? ማንስ መረመራቸው?» ብንላቸው፤ «አምስት ዓመት ሆናቸው፤ እርሷ ጠበል ገብታለች፤ መድኃኒት ዐዋቂም አይቷታል» አሉ። «እርሱስ ተመርምሯል ወይ?» ብንል ደግሞ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉና «እርሱ ምን ሆኖ!» ብለው ሳቁ።

እኛ ግን አልሳቅንም። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጥቶ የዓመት ቀለቡ በግማሽ እንደሚጐድል እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ ወጥቶ ምርመራው አስቀድሞ ባለመደረጉ ብቻ ሕክምናው ከንቱ ቢቀር፤ በሬውም የለ፤ ልጁም የለ፤ ብዙ ጊዜም ትዳሩ አይኖርም። ስለዚህ የዛሬውን ንግግራችንን ለዚሁ ጥያቄ አድርገነዋል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለምናችሁ። እኛ ከጤና ኮሌጅ ዲፕሎማችንን ይዘን ከወጣን ብዙ ያልቈየን፤ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለን ልጆቻችሁ ነን። ስለ ባልና ሚስት ነገር በወለዱና ባሳደጉ ሰዎች ፊት መናገር ይከብደናል። ሳቅ ቢመጣባችሁ ሳቁ፤ ግድ የለም፤ ነገር ግን ስሙን። ደግሞም «ይህ ወረቀት ስለ ቤት ንጽሕና የሚወጣ ነው፤ ከመውለድ ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ግንኙነቱን ወደ ኋላ እናሳያችኋለን።

አሁን በመጀመሪያ ያ የብልቃጥ ነገር ምን እንደ ሆነ እንናገር። ስሙ አይ ቪ ኤፍ ይባላል። በዚህ መንገድ የተጸነሰችው የመጀመሪያዪቱ ልጅ ሉዊዝ ብራውን ትባላለች፤ በእንግሊዝ አገር ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. ተወለደች። ሥራውን ከደከሙበት ሰዎች አንዱ የሆኑት ሮበርት ኤድዋርድስ ስለዚሁ በ2003 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በአገራችንም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. ይህን ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ከፍቷል፤ በግል የተከፈቱም አሉ። ስለዚህ ወሬው እውነት ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሴቲቱ ዐሥር ቀን ወይም ከዚያ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች፤ ይህም በአንድ ወር አንድ ብቻ ይበስል የነበረው ዕንቁላል ብዙ ሆኖ እንዲበስል ነው። ከዚያ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ዕንቁላሎቹን በቀጭን መርፌ ይቀዳል። በዚያው ቀን ከባልዋ ዘር ጋራ በብልቃጥ ይገናኛሉ። ፅንሱ ሦስት ወይም አምስት ቀን በብልቃጥ ካደገ በኋላ ወደ ማኅፀን ይገባል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም ይዞ እንደ ሆነ በደም ምርመራ ይታወቃል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ብልቃጡ ልጅ አይፈጥርም። ዕንቁላልን የምታመጣው ሴቲቱ ናት፤ ዘሩን የሚያመጣው ባልዮው ነው፤ ፅንሱን የሚይዘውም ማኅፀኑ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ከሌለ ወይም ከታመመ ብልቃጡ ብቻውን ምንም አያደርግም። አስቀድሞ መመርመር ያስፈለገውም ስለዚሁ ነው።

ሁሉም ነገር ደኅና ሆኖ እንኳ ሕክምናው ሁልጊዜ አይሰምርም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 በተያዘው መዝገብ፤ ዕድሜአቸው ከ35 ዓመት በታች በሆኑ ሴቶች ማኅፀን ከገቡት ፅንሶች ከመቶው 32 ያህሉ ልጅ ሆነው ተወልደዋል፤ ከ43 ዓመት በላይ በሆኑት ግን ከመቶው አምስት አልሞሉም። «አንድ ጊዜ ከፍዬ ልጅ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ የሚነሣ ሰው ይህን ዐውቆ ይነሣ።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ምርመራ መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም፤ ቈጠራ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ መከላከያ ሳይወስዱ አብረው እየኖሩ፤ በሁለት በሦስት ቀን እየተገናኙ ፅንስ ያልመጣላቸው ባልና ሚስት ይመርመሩ እንላለን። ከመቶ ባልና ሚስት ከ80 የሚበልጡት በአንድ ዓመት ውስጥ ይጸንሳሉ፤ ከቀሩትም ግማሽ የሚሆኑት በሁለተኛው ዓመት ያገኛሉ። ሴቲቱ 35 ዓመት ካለፋት ግን ዓመት አትጠብቅ፤ ስድስት ወር ይበቃታል፤ ዕንቁላል ከዕድሜ ጋራ እየመነመነ የሚሄድ ነውና። የወር አበባዋ የማይመጣ፤ ወይም በሆዷ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፤ ወይም ከወሊድ በኋላ ትኩሳትና ሽታ ያለው ፈሳሽ ይዟት የነበረች ሴትም ወዲያው ትምጣ።

ነገር ግን ስትቈጥሩ በእውነት ቍጠሩ። ባልዋ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወርዶ አራት ወር የቈየባት ሴት፤ እነዚያ አራት ወሮች አይቈጠሩባትም። ደግሞ የሦስት ወር መርፌ ስትወጋ የቈየች ሴት መርፌውን ባቆመች በማግስቱ አትጸንስም፤ የመጨረሻውን መርፌ ከወሰደችበት ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ዐሥር ወር መቈየቷ የተለመደ ነው፤ ከዚያም የሚዘገይ አለ። ባለፈው ዓመት መርፌውን ካቆሙ ስድስተኛ ወራቸው የነበሩ አንዲት እኅት «መርፌው አመከነኝ» ብለው ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲነሡ ደረስንባቸው። ታገሡ አልናቸው፤ በክረምቱ ጸነሱ። ክኒንና በክንድ የሚቀበረው ግን ከቆሙ በኋላ ወዲያው ይለቃሉ። አንዱም ቢሆን ሴትን አያመክንም።

አሁን ወደ ባልዮው እንሂድ። በዚህ ላይ ብዙ እንቈያለን፤ ምክንያቱም በአገራችን ልጅ ሲጠፋ የምትጠየቀው፤ ጠበል የምትወሰደው፤ በመጨረሻም ወደ አባቷ ቤት የምትሰደደው ሴቲቱ ናትና። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጅ ካጡት ባልና ሚስት ግማሽ በሚሆኑት ዘንድ በወንዱ በኩል ያለ ችግር፤ ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ችግር ጋራ ተጨምሮ፤ ይገኛል። ደግሞም የወንዱ ምርመራ ከሁሉ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው። መርፌ የለው፤ ራጅ የለው፤ ሕመም የለው። እንግዲህ ቀላሉና ርካሹ ምርመራ መጨረሻ ላይ የሚደረግበት ምክንያት ምንድን ነው? እኛ ከእፍረት በቀር ሌላ ምክንያት አላገኘንለትም።

«እኔ እኮ ደኅና ወንድ ነኝ» የሚሉን አሉ። አባቶቻችን ሆይ፤ ወንድነትና ዘር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመኝታው ምንም ጕድለት የሌለበት፤ ፈሳሹም እንደ ማንም ሰው የሆነ ሰው፤ በፈሳሹ ውስጥ አንድም ዘር ላይኖረው ይችላል። ይህን ዐይን አያየውም፤ ማይክሮስኮፕ ብቻ ያየዋል። ከፊት ልጅ የወለደ ሰውም ቢሆን ይመርመር፤ ከዚያ ወዲህ ታሞ ሊሆን ይችላልና።

ምርመራው እንዲህ ይደረጋል። ከሁለት ቀን ያላነሰ ከሰባት ቀን ያልበለጠ ከሚስቱ ተለይቶ ይቈያል። ከላቦራቶሪ ንጹሕና ደረቅ ዕቃ ይሰጠዋል፤ ከቤት ያመጣውን ጠርሙስ ወይም ኮንዶም አይጠቀምም፤ ሳሙናም ቅባትም አይነካውም፤ እነዚህ ዘሩን ይገድሉታል። ፈሳሹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዕቃው ይቀበለዋል፤ የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰበት አይደብቅ፤ ይንገረን። ቤቱ ቅርብ ሆኖ ከቤቱ የሚያመጣ ሰው ብርድ እንዳያገኘው በልብሱ ውስጥ አድርጎ ከአንድ ሰዓት በፊት ያድርሰው። ቤቱ ሩቅ የሆነ ግን እዚያው ሆስፒታል የተለየ ክፍል ይሰጠዋል።

ውጤቱ ሲመጣ ቍጥሮች ታያላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት የፈሳሹ መጠን ቢያንስ 1.4 ሚሊ ሊትር፤ በአንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ዘር ቢያንስ 16 ሚሊዮን፤ ከመቶውም የሚንቀሳቀሰው 42 እንዲሆን ይጠበቃል። ከዚህ ዝቅ ያለ ሁሉ አይወልድም ማለት አይደለም፤ ይዘገያል፤ ርዳታም ይፈልግ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ውጤት መጥፎ ቢሆንም አትደንግጡ። ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከሁለት ወር በፊት የያዘ ኀይለኛ ትኩሳት በዛሬው ውጤት ላይ ሊታይ ይችላል። ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። በዚያ መካከል ሲጃራውን መተው፤ አረቄውን መቀነስ፤ ጫቱንም ማቆም ይገባል።

ለሐኪሙ ሊነገር የሚገባውን አትሸሽጉ፤ በጕልምስና ጊዜ ጆሮ ደግፍ ይዞ ቆለጡ አብጦ እንደ ሆነ፤ በልጅነቱ ቆለጡ ሳይወርድ ቀርቶ እንደ ሆነ፤ ጨብጥ ይዞት እንደ ሆነ፤ ጡንቻ ያወጣል ተብሎ የወንድ ሆርሞን መርፌ ወስዶ እንደ ሆነ። ይህ የመጨረሻው ወደ ከተማ ወጥተው የሚመለሱ ወጣቶችን ይመለከታል፤ መርፌው ሰውነትን ቢያፈረጥምም የዘሩን ሥራ ያቆመዋል።

እዚህ ላይ የደረሰብንን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ስማቸውንና ቀበሌአቸውን አንናገርም፤ ነገሩን እንድናወራው ግን ፈቅደውልናል። ከተጋቡ ሰባት ዓመት የሆናቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስቲቱ ያልሄደችበት የለም። የባልዋ እናት «ማኅፀኗ ደረቅ ነው» ብለው ሌላ ሴት እንዲያገባ ይጐተጕቱት ነበር። ባልዮው ይወዳታልና እምቢ አለ፤ ሁለት በሬና አንዲት ላም ሽጦ ለአይ ቪ ኤፍ ሊወስዳት ቈረጠ፤ ነጋዴም ተዋዋለ። የመንገድ ወረቀት ሊጠይቁ ወደ እኛ መጡ። እርሷ የተመረመረችበትን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ይዛለች፤ ደሟ ደኅና፤ ቱቦዋ ክፍት፤ ማኅፀኗ ንጹሕ። እርሱ አንድም ወረቀት አልነበረውም።

እኛም «እርስዎ ሳይመረመሩ ወረቀት አንጽፍም» አልነው። ተቈጣ፤ ወጥቶም ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ብቻውን ተመልሶ መጣ። ውጤቱ ሲታይ በፈሳሹ ውስጥ አንድም ዘር የለም። በደገመውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ስንጠይቀው ከጋብቻው በፊት በቀን ሠራተኛነት ከተማ ሳለ ጨብጥ ይዞት መድኃኒቱን ሳይጨርስ እንደ ተወው ነገረን። ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ላክነው። ቆለጡ ደኅና ነው፤ የሆርሞን ምርመራውም ልክ ነው፤ ዘሩ ይሠራል፤ መውጫው መንገድ ግን ተደፍኗል።

አሁን ይህን ልብ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ያለ ምርመራ ሄደው ቢሆን ኖሮ እርሷ መርፌውን ሁሉ ተወግታ ዕንቁላሉ በተቀዳበት ቀን «ዘሩን አምጣ» ሲባል ባዶ ፈሳሽ ሊያመጣ ነበር። ሁለቱም በሬ በአንድ ቀን በከንቱ ቀለጠ ማለት ነው። አሁን ግን ሐኪሞቹ ዘሩ ከቆለጡ በመርፌ ሊወጣ እንደሚችል፤ ከዚያም አንዱን ዘር አንሥቶ በአንዱ ዕንቁላል ውስጥ በሚያገቡበት ዘዴ እንዲታከሙ ነገሯቸው። ይህ ዘዴ በቤልጅግ አገር በብራስልስ ተጀምሮ የመጀመሪያው ልጅ በ1984 ዓ.ም. የተወለደበት ነው። እንግዲህ ለእነርሱ አይ ቪ ኤፍ የሚያስፈልጋቸው ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ሊገዙት የነበረው ዐይነት አልነበረም።

ባልዮው ከዚያ የሠራው ሥራ እስከ ዛሬ ይገርመናል። እናቱን በገዛ ቤቱ ቡና ላይ አስቀምጦ፤ ጎረቤት ባለበት «እርሷ ደኅና ናት፤ የታመምኩት እኔ ነኝ» አላቸው። እናቲቱ ብዙ ዝም ብለው ቈዩና ስኒውን ለምራታቸው በእጃቸው ሰጧት፤ ይህን የነገረችን ሚስቲቱ ናት፤ ስትነግረን ታለቅስ ነበር። እኛ ደግሞ ለእርሱም የነገርነውን ለእናንተም እንነግራችኋለን፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ሕመም ነው።

ስለ ሴቲቱ ምርመራ ደግሞ እንናገር። መጀመሪያ የወር አበባዋ ይጠየቃል። ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ፤ ዕንቁላሏ በየወሩ እንደሚወርድ የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው። ይህን ለማረጋገጥ የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ ሰባት ቀን ገደማ ሲቀረው ደም ተቀድቶ ይታያል። በሁለት በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚመጣባት ከሆነች ግን ዕንቁላሏ በጊዜው አይበስልም ማለት ነው። እንዲህ ላለችው ሴት ብዙውን ጊዜ አይ ቪ ኤፍ አያስፈልጋትም፤ ዕንቁላልን የሚያበስል ክኒን ለጥቂት ቀን በመዋጥ ብቻ የሚጸንሱ ብዙ ናቸው። ክኒኑን በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከጎረቤት ተበድራችሁ አትዋጡ።

ከእንቅርት ጋራ ለሚኖሩ እናቶችም አንድ ቃል አለን። በደጋው አገራችን እንቅርት ብዙ ነው። እንቅርቱ ያለበት ዕጢ ሥራው ሲዛባ የወር አበባን ያዛባል፤ ፅንስንም ያስወርዳል፤ ስለዚህ የታይሮይድ ምርመራ ይደረግ። ሳትወልድ ወይም ጡት ሳታጠባ ወተት ከጡቷ የሚወጣ ሴትም ይህንኑ ለሐኪሙ ትንገር፤ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት አለው።

ወደ አይ ቪ ኤፍ የምትሄድ ሴት ከሁሉ ይልቅ ማወቅ ያለባት ዕንቁላሏ ምን ያህል እንደ ቀረ ነው። የወር አበባዋ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ደም ይቀዳል፤ ኤ ኤም ኤች የሚባለው ሌላ የደም ምርመራ ግን በማንኛውም ቀን ሊሆን ይችላል። በአልትራሳውንድም ትንንሾቹ የዕንቁላል ከረጢቶች ይቈጠራሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ኤ ኤም ኤች ዝቅ ማለቱ «አትወልጂም» ማለት አይደለም፤ በመርፌው ጊዜ ጥቂት ዕንቁላል ይገኝ ይሆናል ማለት ብቻ ነው። የዕንቁላሉን ደኅንነት ከምርመራው ይልቅ ዕድሜዋ ይናገራል። ስለዚህ ያላሰበች ሴት ይህን ምርመራ በገንዘቧ እየገዛች አትጨነቅ።

ቱቦው በራጅ ይታያል። የወር አበባው ከቆመ በኋላ፤ ዕንቁላሉ ከመውረዱ በፊት፤ መድኃኒት በማኅፀን በር ገብቶ በቱቦዎቹ ሲያልፍ ፎቶግራፍ ይነሣል። ቁርጠት አለው፤ ቶሎ ያልፋል። በዚያ ወር እርጉዝ አለመሆኗ፤ ኢንፌክሽንም የሌለባት መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ። «አይ ቪ ኤፍ ቱቦውን ዘልሎ የሚሄድ ከሆነ ቱቦውን ማየት ለምን አስፈለገ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የታመመ ቱቦ ውሃ ቋጥሮ ሲገኝ ያ ውሃ ወደ ማኅፀን እየፈሰሰ የገባውን ፅንስ ያበላሸዋል። እንዲህ ያለው ቱቦ አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና ቢወጣ ወይም ቢዘጋ የአይ ቪ ኤፍ ውጤት ይሻሻላል። ማኅፀኑም ይታይ፤ ወደ ውስጥ የበቀለ ማዮማ ወይም ከማኅፀን ጠረጋ በኋላ የተጣበቀ ቦታ ካለ ፅንሱ ማረፊያ አያገኝም።

አሁን የቤት ንጽሕናው ነገር መጣ። በአገራችንና በመላው አፍሪካ ቱቦ እንዲደፈን የሚያደርገው ዋናው ነገር ኢንፌክሽን ነው። በጊዜው ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ፤ ባልታጠበ እጅ የተደረገ ወሊድ፤ በስውር የተደረገ ውርጃ፤ የሆድ ውስጥ ነቀርሳም ጭምር። ከነዚህ ሁሉ በቤት ውስጥ በየቀኑ የምናየው አንድ ልማድ አለ፤ ሴቶች ለንጽሕና ብለው ብልታቸውን ወደ ውስጥ በሳሙና፤ በሎሚ ወይም በቅጠል ያጥባሉ። እናቶች፤ ይህን ተዉ። የውጩን በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል፤ ውስጡ ራሱን ያጸዳል። ወደ ውስጥ የሚገባው ውሃና ሳሙና መልካሞቹን ተሐዋስያን ገድሎ ክፉዎቹን ወደ ማኅፀን ይገፋቸዋል። ጨብጥም ሲታከም ባልና ሚስት አብረው ይታከሙ፤ አንዱ ብቻ ከታከመ በሳምንቱ መልሰው ይቀባበሉታል።

የቀሩትን ባጭሩ እንጥቀሳቸው። ሁለቱም የኤች አይ ቪ፤ የጉበት በሽታና የቂጥኝ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በሚገባ እየወሰደ ጤናማ ልጅ ሊወልድ ይችላልና ይህን ፈርቶ አይሽሽ። የሴቲቱ የደም ማነስ፤ የስኳርና የደም ግፊት፤ የደም ዐይነቷ፤ የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራም ይታያሉ፤ እነዚህን ብዙዎቹን ጤና ጣቢያችን ይሠራቸዋል። ለመጸነስ ያሰበች ሴት ሁሉ፤ በአይ ቪ ኤፍም ይሁን በቤቷ፤ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ክኒን 400 ማይክሮ ግራም በየቀኑ ትዋጥ። ይህ የልጁን አከርካሪና ጭንቅላት ከጕድለት የሚጠብቅ ነው፤ እንዲህ ያለው ጕድለት በአገራችን የበዛ ስለ ሆነ አጥብቀን እንናገራለን።

ጠበሉን ወይም ስለቱን ተዉ ለማለት አልተነሣንም። ሃይማኖታችሁን ያዙ፤ በዚያው ላይ ምርመራውን ጨምሩ። ዕድሜ ግን አይጠብቅምና፤ በተለይ 35 ዓመት የቀረባት ሴት «የዘንድሮን ልየው» እያለች ሦስት ዓመት አትቈይ።

ስትመጡ ሁለታችሁም ኑ፤ ከዚህ በፊት የተመረመራችሁበትን ወረቀት ሁሉ፤ ያረጀውንም ቢሆን፤ ይዛችሁ ኑ። ሴቲቱ የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን ለሦስት ወር ጽፋ፤ መጻፍ ካልቻለችም በግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አድርጋ ቈጥራ ትምጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ትረዳችኋለች። የሚጠየቀው ሁሉ በዝግ ክፍል ነው፤ የተናገራችሁት ከዚያ አይወጣም።

ያ ሰባት ዓመት የቈየው ባልና ሚስት ገና አልወለዱም። የበሬውን ውል አፍርሰው ላሚቱን ብቻ ሸጠዋል፤ የቀረውን ከመከሩ ሊያጠራቅሙ ነው፤ ዕድሜዋ 28 ስለ ሆነ ጊዜ አላቸው። ባለፈው የጠየቁን እናት አማች ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ የጤና ጣቢያውን ግቢ ሁለት ጊዜ ዞረው፤ በሦስተኛው ገባ። ዕቃውን ተቀብሎ ሄዷል፤ ቀጠሮውም ማክሰኞ ጧት ነው።